የማይደርቅ እጀታ

አጣቢዋ እንደ ወትሮዋ በማለዳ መጋዘኑን ከፈተች፤ ባልዲዋን ሞላችና ከተማው ሁሉ በየተራ የሚነዳቸውን የኪራይ ስኩተሮች መወልወል ጀመረች። እጀታዎቹ ላይ ማስቲካ፣ ምራቅና የማን እንደሆነ የማይታወቅ ፀጉር ተለጣጥፏል። ጓንት ካደረግሁ እድፉ ያመልጠኛል ብላ በባዶ እጇ ትሠራለች፤ ማታ የልጇን ፊት የምትዳብሰው በዚሁ እጅ መሆኑን ስታስብ ግን ይዘገንናታል።

መስኮቱ ሥር የቆመው ስኩተር እጀታ እርጥብ ነበር። ወለወለችው። መልሶ አላበው።

«አንተ፣ ይሄን ማን ነድቶት መጣ?» አለችው የስኩተሮቹን ባትሪ ሊቀይር የገባውን ባልደረባዋን።

«እሱ እኮ ከተበላሸ ሰነበተ፣ እታለም። ካንቺ በቀር የነካው የለም።»

«ታዲያ ለምን ያልበዋል?»

«ካላበውማ ከኔ በላይ ሠርቷል፤ ደሞዝ ይቆረጥለት!» ብሎ እየሳቀ ወጣ።

እሷ በጎማ የተሸፈነውን እጀታ በቀኝ እጇ ያዘችው። ጎማው ከጣቶቿ ሥር ሞቅ፣ ለስለስ አለ፤ የበሽተኛ እጅ የጨበጠች መሰላት። ጠረኑ ከረፋት። ትንፋሿን ውጣ በብሩሽ ፈተገችው። እድፉ ሲለቅ ጎማው ላይ ቀጫጭን መስመሮች ወጡ፤ በመካከላቸውም የቢላ ጠባሳ። ጠባሳውን ታውቀዋለች። ልጇ የእናቷን መዳፍ ይዛ በትንሽ ጣቷ እየተከተለች «እማዬ፣ ያማል?» የምትላት ነው።

ብሩሹን ጥላ ቀኝ እጇን ወደ ብርሃኑ ዘረጋች።

መዳፏ ልሙጥ ነበር። መስመሮቹም፣ ጠባሳውም የሉም።