ስም ያልወጣለት ቁራጭ

ሩሐማ ከጠዋት ጀምሮ ብቻዋን ትስቃለች። የምትሠራበት የታክሲ ጥሪ ድርጅት ሥራውን ሁሉ የሚያንቀሳቅሰው እንደ ባቡር በረዘመ አንድ የኮምፒውተር ኮድ ነበር። ኮዱን የጻፈው ኢዮስያስ አጠገቧ ተቀምጦ ይቁነጠነጣል።

«ይሠራል አይደል? ምናለ ብትተዪው?» ቢላትም አልሰማችውም። ለማንበብ እንዲቀል ኮዱን እየቆራረጠች ለየቁራጩ ስም ታወጣለች፤ ስም ባወጣች ቁጥር ደግሞ ለቢሮው ሁሉ ታውጃለች።

«ጥሪ ተቀበል! ሾፌር ፈልግ! ሒሳብ አስላ! እልልል!»

ባልደረቦቿ በጭብጨባ ያጅቧታል።

መጨረሻ ላይ ሦስት መስመር ብቻ ተረፈ። ጮክ ብላ ማንበብ ጀመረችና ድምፅዋ እየቀነሰ ሄደ። «ጠሪዋ ሩሐማ ከሆነች፣ ከሁሉም ጠንቃቃውን ሾፌር ላክላት» የሚል ነበር።

ኢዮስያስ አንገቱን ደፋ።

«ይሄንንስ ማን ልበለው?» አለችው።

«እሱን እንኳ... ስም ለማውጣት ፈርቼ ነው።»

ሩሐማ ሳቋን እንደምንም አፍና ስሙን ጻፈችና ስክሪኑን ወደ እሱ አዞረችው። «ሚስቴን በሰላም አድርስ» ይላል።

እስከዚያ ቀን ድረስ አንድ ላይ ምሳ እንኳ በልተው አያውቁም።