ጥርሱ የተሸረፈው ደም መጣጭ

ሠዓሊው እጅጌውን ሰብስቦ ጣሪያ ጣሪያውን ያያል። መርፌውን ለማየት አልደፈረም።

«ልጄ፣ ስትወጊኝ ንገሪኝ።»

«ጋሼ፣ ወግቼ ጨርሻለሁ እኮ» አለች ነርሷ። «እጅዎን ጨበጥ ለቀቅ ያድርጉ።»

ሠላሳ ዓመት ሙሉ ደም መጣጭ ሲሥል የኖረ ሰው ነው። በየወሩ በሚወጣው አስፈሪ የሥዕል መጽሔት ላይ ስንቱን አንገት አስነክሷል። መጽሔቱ በጥቁር ቀለም ብቻ ስለሚታተም ደሙም ጥቁር ነበር። አሁን በቱቦው የሚወርደውን ቀይ ሰረቅ አድርጎ አየና ቶሎ ዓይኑን መለሰ።

ነርሷ ሳቋን ዋጠች። «እርስዎ እንዲህ ከሆኑ እኛ ምን እንሁን? ልጅ ሆኜ በእርስዎ የተነሳ ስንቴ አልጋዬ ላይ ሸንቻለሁ።»

«ይቅርታ አድርጊልኝ።»

«ምን ዋጋ አለው? የእናቴን ኩርኩም አንዴ ቀምሼበታለሁ።»

ደሙ ለታላቅ ወንድሙ ነው። ወንድሙ ላይኛው ፎቅ ተኝቷል፤ ከሰዓት በኋላ ሆዱ ይከፈታል። የደሙ ዓይነት እንደ ልብ አይገኝም፤ ከዘመድ ሁሉ የገጠመው የሠዓሊው ብቻ ነው። ጠዋት ሲደወልለት ወዲያው እሺ አለ። ደረጃው ላይ ሲደርስ ግን ሁለት ጊዜ ወደኋላ ተመልሷል።

ሠላሳ አንድ ዓመት አልተነጋገሩም። ወንድሙ «ይሄም ሥራ ሆኖ!» ብሎ ሰባት ደብተር ሥዕሉን ምድጃ ውስጥ ከቶበታል። እሱም ቂሙን በብዕሩ ተወጣ። ለደም መጣጩ የወንድሙን ፊት ሰጠው፤ ያን ቅንድብ፣ ያን አገጭ፣ ያን የተሸረፈ ጥርስ ሳይቀር።

«ወንድምዎ መጽሔትዎን ትራሳቸው ሥር ነው የሚያስቀምጡት» አለች ነርሷ ቱቦውን እያስተካከለች። «ለዶክተሩም፣ ለጽዳቷም እያወጡ ‹እኔ እኮ ነኝ፣ አታውቁኝም?› ይላሉ። ዛሬ ደግሞ ‹ስትቀጂው ቀስ ብለሽ፣ ፈሪ ነው› ብለውኛል።»

ለካ ወንድሙ ያውቃል። ከመቼ ጀምሮ ይሆን?

ነርሷ ፊቱን አየችው። «ገረጡብኝ። ላቁመው?»

«የለም። ቀጥዪ።»

«እሺ ያውሩኝ፣ ይረሱታል። ያ ጥርስ ለምን ተሸረፈ? ደም መጣጭ በሸራፋ ጥርስ እንዴት ይነክሳል?»

በሠላሳ ዓመት አንድም ገጽ ላይ ምክንያቱን አልጻፈም። ራሱንም ጠይቆ አያውቅም።

«ዛፍ ላይ ወጥቼ ነበር» አለ ቀስ ብሎ። «ስድስት ዓመቴ ነው። ቅርንጫፉ ተገነጠለ። ወንድሜ ከታች ሮጦ መጣና ቀለበኝ። አናቴ አፉን መታው።»

የደሙ ከረጢት እየሞላ ነበር።

ነጻ እጁ ሳያዘው ወደ አናቱ ሄደ። ሽበቱን ገለጥ ገለጥ አድርጎ ፈለገ። አገኛት፤ ፀጉር የማይበቅልባት፣ የአንድ ጥርስ ስፋት ያላት ቦታ። ጣቱን እዚያው አሳረፈ፤ ከዚያም ወደ ቱቦው ዞሮ፣ ቀዩ ሲወርድ ዓይኑን ሳይነቅል ያይ ጀመር።