የቅዳሜ ብልሽት

ለሞተር ሳይክሉ ሰማንያ ሁለት ሺህ ብር ወጥቶበታል። ግማሹ የልጅቱ የአራት ዓመት ቁጠባ ነው፤ ግማሹን አባቷ ጡረታ ሲወጣ ከተሰጠው ገንዘብ ጨመረላት። አሁን ብልሽት ስላበዛ ደላላው ሠላሳ አምስት ሺህ ካገኛችሁ ተመስገን በሉ እያለ ነው። ልዩነቱ አርባ ሰባት ሺህ ነው። አባትየው ይህን ቁጥር በሰማ ቁጥር መቀመጫ ይፈልጋል።

ልጅቱ የውሃ ቆጣሪ አንባቢ ናት። የራሱ ሞተር ያለው ሠራተኛ የከተማውን ዳርቻ ይይዛል፤ አበሉም እጥፍ ነው። አንድ ቀን ከቀረ ግን ዳርቻው ለሌላ ይሰጣል።

ሞተሩን አራት መካኒኮች አይተውታል። የመጀመሪያው ፈታትቶ ገጠመና የተረፉትን ሁለት ብሎኖች በወረቀት ጠቅልሎ፣ «እነዚህ ትርፍ ናቸው» ብሎ አስረከበ። ሁለተኛው ዘጠኝ ቀን አቆይቶ አማቶቹን ሊጠይቅበት ሲሄድ መንገድ ላይ ተያዘ። ሦስተኛው ሞተሩ አልነሳ ቢለው ጥሩንባውን አሳምሮ ጠገነ። አባትየው የዕቃ ግምጃ ቤት ኃላፊ ስለነበር ሲሠሩ ከአጠገባቸው አልተለየም፤ እያንዳንዷን ብሎን ቆጥሯል፣ እያንዳንዱ ሽቦ ከየት ተነስቶ የት እንደሚገባ ያውቃል።

አራተኛው ቁልቁለቱን ሲወርዱ ካለው ጋራዥ ተገኘ። ወጣት ነው፤ ዝምተኛ። ካርቡራቶሩን አጥቦ መለሰው፤ ሞተሩም ሁለት ወር ሙሉ እንደ ሰዓት ሠራ።

«እንዲህ ያለ መካኒክ ከሺህ አንድ ነው» አለ አባትየው። «ነገ ተነስቶ ሌላ ከተማ ቢሄድ ምን ይውጠናል?»

የቅዳሜው ነገር የጀመረው ከዚያ በኋላ ነው።

ቅዳሜ ልጅቱ ታርፋለች። አንድ ቅዳሜ ጠዋት ገበያ ልትሄድ ስትወጣ፣ አባቷ ሞተሩን በጨርቅ ሲወለውል አገኘችው። ረገጠችው፤ አልነሳም። ደግማ ረገጠችው፤ ወይ ፍንክች! ሰባት መቶ እርምጃ ገፍታ ጋራዡ ደረሰች። መካኒኩ ጎንበስ ብሎ አየና፣ «የካንዴላው ገመድ ወልቋል፤ እሳት አይሰጥም» አለ። ሃምሳ ብር።

በሁለተኛው ቅዳሜ ፊውዙ ነበር። በሦስተኛው የቤንዚኑ ጎማ። በአራተኛው ደግሞ ካንዴላው።

«ይሄ ልጅ በልቶናል!» ብሎ አባትየው ከመቀመጫው ተነሳ። «አላልቶ ነው የሚሰድደው። ልክ ስምንት ቀን እንዲበቃ አድርጎ!»

«ታዲያ አባባ፣ በሥራ ቀን ለምን አንድ ቀን እንኳ አያቆመኝም?»

«ብልጠቱ እሱ ላይ ነው! በሥራ ቀን ቢያቆምሽ በማግስቱ ትሸጪዋለሽ። ላሟን የሚያልብ ሰው ያርዳታል?»

«እንግዲያው ሌላ መካኒክ ልፈልግ።»

«ሌላማ ጥሩንባ ነው የሚጠግንልሽ። እዚያው ሂጂ። ግን አጠገቡ ቁሚ፤ ዓይንሽን ከእጁ እንዳትነቅዪ። እያዋራሽው ደግሞ፤ ሌባ ሲያወራ ይዘባርቃል።»

እያጉረመረመ ሃምሳውን ብር ከኪሱ ሰጣት።

ልጅቱ የታዘዘችውን አደረገች። ባለ ሦስት እግር በርጩማ ላይ ተቀምጣ እጁን ጠበቀች። ስትመለስ አባቷ ይመረምራታል።

«ምን አለ?»

«እናቱን የሚጦረው እሱ ነው አለ።»

«ማታለያ ነው። ይጠጣል?»

«አይጠጣም።»

«ሚስት አለችው? ካለችው ለሷ እናመለክታለን።»

«የለችውም።»

«ማን ይሰጠዋል፣ ቀማኛ!» አለ አባትየው፤ የዚያን ቀን ምሳውን ሁለቴ አስጨመረ።

አሥር ቅዳሜ እንዲህ አለፈ። ልጅቱ ግን ጭንቀት ያዛት። ቅዳሜ የለመደ ሞተር ማክሰኞ አይደግምም ማን አለ? ዳርቻው ከእጇ ሊወጣ ነው። ለደላላው ደወለች፤ በሚቀጥለው ቅዳሜ እኩለ ቀን ላይ ገንዘቡን ይዞ ጋራዡ ድረስ ሊመጣ ተስማማ።

ያን ቅዳሜም ሞተሩ አልነሳም። ልጅቱ ገፍታ ወሰደችውና መካኒኩ ፊት አቆመችው።

«ዛሬ እውነቱን ትነግረኛለህ። ይሄ ገመድ እግር አለው?»

መካኒኩ ካቻቢቴውን አስቀመጠ። ጆሮው ቀላ።

«እኔ እኮ… አንቺ ነሽ ብዬ ነበር።»

«እኔ ምን?»

«የምትነቅዪው።»

«እኔ? ሰባት መቶ እርምጃ ለመግፋት?»

«የሰው እጅ ያልነካው ካንዴላ በየሳምንቱ አይወልቅም። እዚህ በርጩማ ላይ ተቀምጠሽም ዓይንሽን ከኔ አትነቅዪም። ታዲያ ምን ልበል? ደስ አለኝና ዝም አልኩ።»

ልጅቱን ሳቋ አመለጣት፤ እሱም ተከተላት፤ ሁለቱም ጎማ ላይ ተደግፈው እንባቸው እስኪፈስ ሳቁ። ደላላው ገንዘቡን ይዞ ሲደርስ የሚያናግረው ሰው አጣ።

«የሚሸጠው የቱ ነው?» አለ።

«የሚሸጥ የለም» አለ መካኒኩ።

እሷ፣ «የሚያላላው እሱ ነው፣ ማመን አፍሮ ነው» ብላ አመነች። እሱም፣ «የምትነቅለው እሷ ናት፣ ማመን አፍራ ነው» ብሎ አመነ። ከዚያ ቀን ወዲህ ሞተሩ አንድም ቅዳሜ ስላልቆመ፣ ሁለቱም ግምታቸው ልክ እንደነበረ እርግጠኛ ሆኑ። ዳርቻው በእጇ ጸና፤ በአምስተኛው ወር ተጋቡ።

እንግዶቹ ሲበታተኑ፣ ለሠርጉ የመጣችው የአባትየው ታላቅ እህት ወንድሟን በክርኗ ጎሰም አደረገችው።

«አንተ ቆጣሪ፣ ይሄ ሠርግ ስንት በላህ?»

«የሠርጉን ተዪው» አላት ጆሮዋ ላይ ጎንበስ ብሎ። «ኪሳራ፦ አሥራ አንድ ቅዳሜ በሃምሳ፣ አምስት መቶ ሃምሳ ብር፤ በጨለማ ካንዴላ ስነቅል የተሰበረ አንድ ጥፍር። ትርፍ፦ ዕድሜ ልኩን የማያስከፍል መካኒክ።»