ምርታማ ሐዘን

ባሌ ንጋቱ መኪናችንን ሸጦ የአምባሩን ኩባንያ አክሲዮን ከገዛ ወዲህ አርፌ ተቀምጬ አላውቅም። አምባሩን የፈለሰፉት የዩኒቨርሲቲ መምህራን ናቸው፤ የሰው እጅ በተወዛወዘ ቁጥር መብራት ያመነጫል። አሁን ከተማው ሁሉ በሕግ ተገዶ እጁ ላይ ያስረዋል፤ ቤተሰቡ የማይንቀሳቀስ ባለአክሲዮን ደግሞ ትርፍ አይደርሰውም።

እናቴ ስትሞት እሷ ቤት ለቅሶ ተቀመጥኩ። ሐዘንተኛ ፍራሽ ላይ ቁጭ ይላል እንጂ ምን ይሠራል? በሁለተኛው ቀን ንጋቱ ስልኩን እያየ ጠጋ አለኝ።

«ስንዱዬ፣ ምርትሽ ወርዷል። እስቲ ደረትሽን ምቺ፤ አምባሩ ባለበት እጅ።»

«አልቅሼ አልቅሼ ደክሞኛል።»

«እንባማ ምን ይጠቅማል? የሚቆጠረው እጅ ነው።»

ተነስቼ ወደ ጓሮ ወጣሁ። አምባሩን ፈትቼ የእናቴ ውሻ ጭራ ላይ አሰርኩትና ተመልሼ ፍራሼ ላይ ተቀመጥኩ።

ከሰዓት በኋላ ንጋቱ ፊቱ በርቶ መጣ።

«ከሰፈሩ አንደኛ ወጣሽ! ማዘን እንዲህ ነው እንጂ!»

በመስኮት ወደ ግቢው ተመለከትኩ። ውሻው፣ ለቀስተኛ የግቢውን በር በከፈተ ቁጥር፣ እናቴ የመጣች እየመሰለው ጭራውን ይቆላ ነበር።