የጦቢያን ሻይ ማን ይቅመስላት?

«ቅመሺው!»

ጣሊያናዊው ሹም ጦቢያ ላይ ጮኸ።

«ቅመሺው ነው የሚልሽ!» አላት አስተርጓሚው አስመላሽ፣ ላብ በላብ ሆኖ።

ጦቢያ ግን በራዷን እንደያዘች ቀጥ ብላ ቆመች። አልቀመሰችም!

ወገኖቼ፣ ይቺ ታሪክ ስትነገረኝ የያዝኩት ሻይ በእጄ ላይ ቀዝቅዞ ቀረ። እስቲ ከመጀመሪያው ልንገራችሁ...

ዘመኑ ጣሊያን አዲስ አበባን የያዘበት ነው። ቦታው ካዛንችስ። ጣሊያን ለሹማምንቱ ቤት እያሠራ ሰፈሩ በድንጋይና በኖራ ተሞልቷል።

ከግንባታው ጥግ ሁለት ሻይ ቤቶች ፊት ለፊት ይተያያሉ። አንዱ የጦቢያ፣ አንዱ የሸምሲያ።

ሁለቱም የሻይ ቅጠሉን የሚገዙት ለገሃር ካለ ከአንድ ነጋዴ ነው። ልዩነቱ ያለው ቅመሙ ላይ ነው!

የሸምሲያ ሻይ ሄልና ዝንጅብል አለው... ደረት ድረስ ያሞቃል።

የጦቢያ ደግሞ ቅርንፉድና የደረቀ የብርቱካን ልጣጭ... ገና ክዳኑ ሲነሳ መንገደኛ ያስቆማል!

ታዲያ ሁለቱ ሴቶች አይነጋገሩም። ጭራሽ! «ደንበኛዬን ነጠቅሽኝ»፣ «አልነጠቅሁሽም» ተባብለው ከተኳረፉ ቆይተዋል።

አንድ ቀን የግንባታው ሹም፣ ያ ጣሊያናዊ፣ ከአስተርጓሚው ጋር መጣና እንዲህ አለ...

«እዚህ መንገድ ይወጣል። ሁለታችሁም ትፈርሳላችሁ። ሻይዋ ለጣመኝ ለአንዷ ብቻ አዲስ ክፍል እሰጣለሁ። ሐሙስ ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ መጥቼ እቀምሳለሁ።»

ለጦቢያ ይሄ የሞት ሽረት ጉዳይ ነው። ወንድሟ ታዲዎስ በየካቲቱ ጭፍጨፋ ተገድሏል። ልጆቹን የምታሳድገው በዚያች በራድ ነው።

ሐሙስ ደረሰ። ሹሙ ግን ከሰዓት መች ጠበቀ... ጠዋት ከች!

አሁን ነው ጉዱ!

ጊዜው ፍልሰታ ነው። ጦቢያ ለወንድሟ ነፍስ ብላ፣ ዘጠኝ ሰዓት ሳይሞላ ውሃ እንኳ በአፏ ላይዞር ተስላለች። ሻዩን ያፈላችው በአፍንጫዋ ነው! (የጾመች ሴት የወጡን ጨው ሳትቀምስ እንዴት እንደምታውቅ እናቶቻችሁን ጠይቁ...)

በእኛ ወግ ደግሞ አቅራቢው ከመዳፉ ላይ ጠብ አድርጎ ሳይቀምስ እንግዳ አይጠጣም። ሹሙ ይህቺን ወግ በደንብ ተምሯታል። በዚያ ላይ በዚያ ዘመን ጣሊያን ጥላውንም አያምን!

መጀመሪያ ሸምሲያ ቀመሰች፣ ቀዳችለት። ሹሙ ጠጥቶ ራሱን ነቀነቀ። ወዶታል!

ከዚያ የጦቢያ ተራ ሆነ...

«ወንድሜ አስመላሽ፣ ጾም ላይ ነኝ በልልኝ። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ይታገሠኝ፣ ያኔ እቀምሳለሁ።»

አስመላሽ ተረጎመ። ሹሙ ሳቀ... ከዚያ ፊቱ ተለዋወጠ።

«መርዝ ነው እንዴ? ይልሻል።»

ወታደሩ ክንዷን አፈፍ አደረጋት!

በዚያ ዘመን እንዲህ ያለ ጥርጣሬ የሚያመጣውን መዘዝ ታውቁታላችሁ። ለእሷም፣ ለሰፈሩም...

ይሄኔ...

«እኔ እቀምስላታለሁ!»

ማን መሰለቻችሁ? ሸምሲያ!

ያቺ ያኮረፈችው ሸምሲያ! ዝም ብትል እኮ ክፍሉ የእሷ ነው!

በመዳፏ መች ቀመሰች... ሙሉ ብርጭቆ አስቀድታ፣ እፍ እፍ እያለች፣ ቅጠሉ ብቻ እስኪቀር ጠጣችው!

ሰው ሁሉ ፊቷን ያያል። ልትወድቅ ነው? ዓይኗን ጨፈነች... ቆየች...

«እንዴት ነው? ይላል» አለ አስመላሽ።

ሸምሲያ ዓይኗን ገለጠች።

«ቅርንፉዱ ትንሽ በዝቷል። ብርቱካኑ ግን... ወላሂ ከእኔ ሻይ ይበልጣል! ድገሚኝ!»

ሲተረጎምለት ወታደሩ ሳይቀር ሳቀ፤ የጦቢያንም ክንድ ለቀቀ። ሹሙ አንዱን ጠጥቶ ሌላ አስደገመ። ክፍሉም ለጦቢያ ተሰጠ።

ሸምሲያ በገዛ አፏ እንጀራዋን አሳልፋ ሰጠች።

ዘጠኝ ሰዓት ሲሞላ ጦቢያ ጾሟን ሳትፈታ ሸምሲያ ቤት ሄደች። ሸምሲያ ዕቃዋን እየሰበሰበች ነው።

«ሸምሲያ... ሻዬ ንጹሕ መሆኑን በምን አወቅሽ?»

«አላወቅሁም።»

«እንዴት አላወቅሁም?»

«ወንድምሽን ገድለውብሻል። አልቀምስም ስትዪ፣ ‹በቃ፣ አድርጋዋለች› ነው ያልኩት።»

ጦቢያ ጠጋ አለቻት።

«መርዝ ነው ብለሽ... ጠጣሽው?!»

«ክንድሽን ሲይዙሽ እግሬ ቀደመኝ፣ ምን ላድርግ? ከዚያማ እወድቃለሁ ብዬ ብጠብቅ፣ ብጠብቅ... ጣፈጠኝ!»

ተቃቀፉ። አለቀሱ። ደግሞ ሳቁ።

ሸምሲያ ከራሷ በራድ ሻይ ቀዳችና እንደ ወጉ መዳፏን ዘረጋች። «ቆይ፣ ልቅመስልሽ...»

ጦቢያ ብርጭቆውን ከእጇ ነጠቀቻት።

«ላንቺማ ቀማሽ አያስፈልግም!»

ጾሟን በሸምሲያ ሻይ ፈታች። ከዚያ ቀን ጀምሮ በአዲሱ ክፍል ሁለት በራዶች በአንድ ምድጃ ላይ ሲፈሉ ኖሩ። ለካ ሄልና ብርቱካን ሲገናኙ ሌላ ናቸው!

ወዳጆቼ፣ ትምህርቱ ይሄ ነው... «ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት» የተባለው ለሚስማማ ጎረቤት ብቻ አይደለም። የተኳረፋችሁት ሰው ክፉ ቀን ሲመጣ ከማንም ቀድሞ ሊደርስላችሁ ይችላል። ሰላምታውን ዛሬ መልሱለት!

እስቲ ከልባችሁ መልሱልኝ... እናንተ በሸምሲያ ቦታ ብትሆኑ ብርጭቆውን ታነሱት ነበር? ወይስ ዝም ብላችሁ ክፍሉን ትወስዱ ነበር?