ድመቷ ለምን ድመት ተባለች

ትሬጊር ወደ ካፒቴኑ ክፍል ሲገባ ባዶ እጁን ነበር። ሲወጣ እግሩ ላይ ብረት፣ እጁ ላይ ጥቅል ገመድ ነበረ። ውስጥ ምን እንደተባለ የጠየቀ የለም። “ፔትረል” በተባለችው የንጉሡ የጦር መርከብ ላይ የሚገረፍ ሰው መገረፊያውን የሚሠራው ራሱ ነው። ገመድ ይዞ የወጣ ሰው ፍርዱን ይዞ ወጥቷል ማለት ነው።

ነገሩ የትንባሆ ነው። ሽማግሌው መድፈኛ ፓስኮ የሚያኝከውን ትንባሆ በሮም አረቄና በቅርንፉድ ዘፍዝፎ በቆርቆሮ ያስቀምጣል፤ በመርከቧ ላይ እንዲህ የሚያደርግ ሌላ ሰው የለም። አንድ ቀን ቆርቆሮው ጠፋ። ሲፈተሽ ባዶው ከትሬጊር ከረጢት ተገኘ። ባዶ ቆርቆሮ ምን ሊሠራለት ደበቀው ያለ አልነበረም። ሌባ ላመሉ ዳቦ ይልሳል ተባለና አለቀ።

ባሕር ላይ ከባልንጀራው የሰረቀ ምሕረት የለውም። መርከበኞቹ “ድመት” የሚሉት ጅራፍ ዘጠኝ ጭራ አለው፤ ለሌባ ሲሆን ዘጠኙም ይቋጠራል። በቋጠሮ የተገረፈ ጀርባ ብዙውን ጊዜ ዳግመኛ ገመድ አይስብም።

ትሬጊር ከምሰሶው ሥር ቁጭ ብሎ መግመድ ጀመረ።

ፓስኮ መጥቶ አጠገቡ ቆመ። ሁለቱ ለዓመታት ከአንድ ገበታ በልተዋል።

“ልጄ፣ አንተ ነህ የወሰድከው?”

“አባባ፣ ይሄ ቋጠሮ ጠብቋል ወይስ ልድገመው?”

“የጠየቅኩህን መልስልኝ።”

“የላላ መሰለኝ” አለ ትሬጊር፤ ፈትቶም እንደገና ቋጠረው።

ሽማግሌው ዓይኑን እየጠረገ ሄደ። ከትንባሆው ይልቅ ይሄ ነው ልቡን የሰበረው።

ሞብስ ግን አልራቀውም። ሞብስ የትሬጊር ጓደኛ ነው፤ የመኝታ ሸራቸውም ጎን ለጎን ይሰቀላል። ቆርቆሮው ከጠፋ ወዲህ እህል አልወርድ ብሎት ነበር። ትሬጊር ገመድ ይዞ ከወጣ በኋላ ግን ሾርባውን እየደገመ መጠጣት ጀመረ። ቁርጥ ነገር ማወቅ ሆድን ይከፍታል።

“ምነው እንዲህ ታጠብቀዋለህ?” አለው። “የራስህ ጀርባ እኮ ነው፤ የሰው መሰለህ እንዴ?”

“ሥራ ሥራ ነው።”

“ለመሆኑ ድመት ያሏት ለምንድን ነው?”

ጥያቄው ሥራ የፈታውን ሁሉ ሰበሰበ። አናጢው፣ ጀርባ ስለምትቧጭር ነው አለ። ምግብ አብሳዩ አልተስማማም።

“ዘጠኝ ነፍስ ስላላት ነው” አለ። “ስንቱን ቀበረች፣ እሷ እንደሆን አትሞትም።”

“ሁለታችሁም አላወቃችሁም” አለ ትሬጊር ቀና ሳይል። “ድመት አይጥ ጉድጓድ አጠገብ ስትተኛ አይታችሁ አታውቁም? የሞተች ነው የምትመስለው።”

“ይሄ ደግሞ ከጅራፍ ጋር ምን አገናኘው?” አለ አናጢው።

“ተወው” አለ ሞብስ። “ፍርሃት ነው የሚያስለፈልፈው።”

ትሬጊር አልተቀየመም። የጭራዎቹን ርዝመት የሚለካበት ጀርባ ፈልጎ ነበር፤ የራስን ጀርባ መለካት ደግሞ አይመችም።

“እስቲ ዙርልኝ” አለው ሞብስን። “ትከሻችን እኩል ነው።”

ሞብስ ዞረለት፤ ሸሚዙን ሳይቀር ገለጥ አደረገለት። “ለጓደኛ ያልሆነ ጀርባ ለማን ሊሆን ነው?” አለ፤ ሰዉም ሳቀ። ትሬጊር ጊዜ ወስዶ ለካ። ትርፉንም በቢላ ቆረጠው።

ጅራፉ ባለቀበት ዕለት ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ሞብስ አጠገቡ ተቀመጠና ከኪሱ ቁራጭ ትንባሆ አወጣ።

“እንካ” አለው። “ነገ ጥርስህን ትነክስበታለህ። ሰው የለኝም እንዳትል።”

የምሩን ነው፤ አዝኖለት ነበር። ትሬጊር ትንባሆውን አፍንጫው ሥር ያዝ አድርጎ ኮፍያው ውስጥ ከተተው።

“እግዜር ይስጥልኝ” አለ። “ውለታህን አልረሳም።”

ጠዋት ከበሮ ተመታ፤ ሰዉ ሁሉ ተሰለፈ። ትሬጊር ብረቱን እየጎተተ ቀረበ። ድመቷን ማስቀመጫዋ በሆነው ቀይ ከረጢት እንዳለች ለካፒቴኑ አስረከበ፤ ኮፍያውንም አውልቆ ከነትንባሆው ሰጠው። ካፒቴኑ ኮፍያውን ለፓስኮ አቀበለው። ሽማግሌው አጎንብሶ አሸተተ። ከዚያም ቀና ብሎ ትሬጊርን አየው፤ ለካፒቴኑም በአዎንታ ራሱን ነቀነቀ።

“የዚህን ሰው ብረት ፍቱለት” አለ ካፒቴኑ። “ሞብስ፣ ሸሚዝህን አውልቅ።”

ጭራዎቹ አልረዘሙም፣ አላጠሩም።