ባዶው ካስክ

በዚያ ክረምት ተመራማሪዋ ከዩኒቨርሲቲ ተባረረች። ቢሮዋ ታሸገ፤ የሚያውቋት ሁሉ መንገድ ቀየሩ። ጥፋቷ አንድ ጥያቄ ነበር፦ ቤቱ ውስጥ «ዝም በሉ» የሚል ወንድ፣ አገር ላይ «ዝም በሉ» የሚል መሪ ለምን ይጥመዋል? ልትጠይቃቸው የሄደችው ሴቶች ባል ባለበት አፋቸውን አይከፍቱም። ደጅ ደግሞ ጆሮ ጠቢ አለ።

ሴቶቹን እንድታነጋግር በር የከፈተችላት አንዲት ፀጉር ሠሪ ናት። ባል ተከትሎ የማይገባበት ቤት ነው። ፀጉር ሠሪዋ ባዶውን የፀጉር ማድረቂያ ካስክ ሙሉ ኃይል ላይ ታስነሳዋለች፤ ደጅ የቆመ ሰው ከማድረቂያው ጩኸት በቀር የሚሰማው የለም። «የኔ ባል አለቃው የጮኸበት ቀን፣ ማታ እኛ ላይ መንግሥት ይሆናል» ያለችውም አንዷ ደንበኛ እዚያው ተቀምጣ ነው። በኋላ ተነቃባቸው። የመንግሥት ሰዎች ፀጉር ሠሪዋን አስረው፣ ትከሻዋን ሰብረው ለቀቋት። የተመራማሪዋን ስም ግን አላወጣችም።

ያ መንግሥት ዛሬ የለም። ተመራማሪዋ ገና ደንበኛ ሳይገባ በማለዳ ፀጉር ቤቱ መጣች።

«እትዬ፣ መጽሐፉ ነገ ማተሚያ ቤት ይገባል። ስምዎን ላስገባ ፈቃድዎን ፈልጌ ነው።»

«ተይኝ ልጄ። ስሜ መጽሐፍ ላይ ከወጣ ደንበኞቼ ዋጋ የምጨምር ይመስላቸዋል።»

«አዲስ ካስክ ባመጣ መለሱብኝ። ስምም እምቢ አሉ። ታዲያ ይህን ውለታ ተሸክሜው ልሙት?»

«ሂጂ ወዲያ! ማን ሙቺ አለሽ?»

ፀጉር ሠሪዋ ሻሿን ልታስተካክል እጇን አነሳች። እጇ ደረቷ ላይ ሲደርስ ቆመ፤ የተሰበረው ትከሻ ለተቀመጠ ደንበኛ እንጂ ለራሷ ፀጉር አያደርስም። ሻሹ ተንሸራቶ ወደቀ፤ ከሥሩ ሽበቷ ተያይዞ ተቋጥሯል።

ተመራማሪዋ ደነገጠች። «ማን ነው የሚያጥብልዎት?»

«ማን አለኝ? ሌላ ፀጉር ቤት ብሄድ ደግሞ የሠሪዋን እጅ እያየሁ ስናደድ ልውል ነው። ስታቃጥለኝ ዝም ልል?»

ተመራማሪዋ ጃኬቷን አውልቃ ወንበር ላይ ጣለች፤ እጅጌዋን ሰበሰበች።

«ይቀመጡ።»

«አንቺ? ዶክተሯ?»

«ይቀመጡ ብያለሁ።»

«ይኸውና! አንዱ ወረደ ስንል አንቺ ነገሥሽብን» አለች ፀጉር ሠሪዋ፤ እየሳቀች ግን ተቀመጠች። አንገቷን መታጠቢያው ላይ አሳረፈች።

«ውሃው ፈላ። በጥፍር አይደለም፣ በጣትሽ ሆድ! እንዲህ አድርገሽ ነው የምታስተምሪው?»

«እሺ፣ እትዬ።»

ቀስ በቀስ ቁጣው ረገበ። የተቋጠረው ፀጉር በሳሙናው መሐል አንድ በአንድ ተፈታ። ፀጉር ሠሪዋ ዓይኗን ጨፈነች።

«ጻፊው እሺ» አለች በመጨረሻ። «ከስሜ ቀጥሎ ግን በአባቴ ፋንታ የእናቴን ስም አድርጊልኝ።»

ተመራማሪዋ ሳሙናው የአሮጊቷ ዓይን ውስጥ እንዳይገባ ግንባሯን በመዳፏ ከለለች፤ ለብ ያለውን ውሃም ቀስ አድርጋ አፈሰሰችላት።